ክራክ የተደረገ ኮምፒውተር ለምትረከቡ የግዥ ኮሚቴዎች፣ ከደሴ

ለደሴና ለኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የግዥ ኮሚቴ አባላት

ጉዳዩ፦ ኮምፒውተር ስትገዙ ስለ ዊንዶውስ ፈቃድ አንድ መስመር እንድትጽፉ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አልፎ አልፎም ፕሮፎርማ ይመጣልኛል፤ ዋጋ ሞልቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ አሽጌ እመልሳለሁ። ስለዚህ ዝርዝራችሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 ይሁን ትላላችሁ። ራሙ 8 ጂቢ፣ ኤስኤስዲው 256፣ ቦርሳው ሳይቀር ይጻፋል። ማውሱ ገመድ አልባ ይሁን የሚልም አንብቤያለሁ። ስለ ዊንዶውሱ ግን ወይ ምንም የለም፣ ወይ «ዊንዶውስ የተጫነበት» ተብሎ ይታለፋል። ማን ጫነው? ፈቃድ አለው ወይ? ጠያቂ የለም።

የሚሆነው ደግሞ የታወቀ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ዋጋ ለማውረድ ቀላሉ መንገድ ያለ ዊንዶውስ የሚመጣውን፣ ገበያው «ፍሪ ዶስ» የሚለውን ማምጣት ነው። ከዚያ አንዱ ልጅ ፍላሹን ይሰካል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ክራክ ያደርጋል፤ ማለትም ሳይከፈልበት ፈቃድ ያለው ያስመስለዋል። እናንተ ሞዴል 19 ቆርጣችሁ ትረከባላችሁ። የፈቃዱን ዋጋ ጨምሮ የሞላ ነጋዴ በዚያ ጨረታ ላይ ምን ዕድል አለው? ምንም። ሰኔ ላይ፣ በጀቱ ሳይመለስ እንግዛ የሚለው ጥድፊያ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ብዙዎቻችሁ አክቲቬሽን የሚባለውን፣ ዊንዶውሱ ፈቃድ እንዳለው የሚረጋገጥበትን አሠራር፣ የምታውቁት ስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ በሚመጣው ግራጫ ጽሑፍ ነው። «አክቲቬት ዊንዶውስ» ይላል። የጀርባውን ፎቶ ልቀይር ስትሉ እምቢ ይላል። ኦፊስ ሲሆን ከላይ ቀይ መስመር ይዘረጋና አንዳንዴ ጭራሽ መጻፍ ይከለክላል። ያኔ «ፎርማት አድርግልን» ብላችሁ ወደ እኛ ትልካላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፎርማት የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ግን ቃሉ ተለምዷል።

ነገሩ ከየት መጣ? በዊንዶውስ 98 ዘመን አንድ ሲዲና አንድ ቁጥር ካላችሁ ከተማውን ሙሉ መጫን ትችሉ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲመጣ ይህ ተቀየረ። 25 ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍ ታስገባላችሁ። ዊንዶውሱ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች አይቶ መለያ ይሠራል፤ ሁለቱን አጣምሮ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ለኩባንያው ያስታውቃል። ኤክስፒ 30 ቀን ይታገስና ከዚያ አያስገባም ነበር። ዊንዶውስ 7 ጀርባውን ጥቁር ያደርገው ነበር። ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ነገሩ ለዘብ አለ፤ ያ ግራጫ ጽሑፍና ጥቂት ክልከላ ብቻ ቀረ፣ ሥራው ይሠራል። እንግዲህ ዛሬ ቁልፉ ራሱ ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው እሱን ለማለፍ የምንጭነው ነገር ነው።

ለትልልቅ ድርጅቶች ማይክሮሶፍት ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለው። ድርጅቱ ውስጡ አንድ ሰርቨር፣ ሌሎቹን የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ ያቆማል። ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ሲኖረው ሰርቨሩ ለሁሉም ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ ለ180 ቀን የሚያገለግል ስለሆነ በየጊዜው ይታደሳል። ገበያው ላይ ካለው ክራክ ብዙው የሚሠራው ይህን አስመስሎ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሐሰት ሰርቨር ይቀመጣል፤ ዊንዶውሱ «ድርጅቴ ፈቅዶልኛል» ብሎ ያምናል። አንቲቫይረሱ ይህን የሐሰት ሰርቨር አግኝቶ ሲያጠፋው፣ የቀረው ቀን ሲያልቅ ግራጫው ጽሑፍ ብቅ ይላል። «ስድስት ወር እንኳ አልሠራም» የምትሉት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ቀኑ ነው የሞላበት።

ለርክክብ ጊዜ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። ዊንዶውሱ በድርጅታችሁ የአክቲቬሽን አገልግሎት በኩል እንደተፈቀደ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ቆም በሉ። ስድስት ኮምፒውተር ያለው ጤና ጣቢያ እንዲህ ዓይነት ሰርቨር ከየት ያመጣል? ነጋዴውን ጠይቁት፤ ፊቱን አይታችሁ ትረዳላችሁ። በዚህ የማይያዙ ክራኮችም አሉ፤ ስለዚህ የግዥ ወረቀቱም መጠየቅ አለበት።

ክራኩን የሚጭነው ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ዲፌንደሩን፣ የዊንዶውሱን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ማጥፋት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲህ ካላደረጋችሁ አልሠራም ይላል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እንግዳ «ዘበኛውን አሰናብትና ክፈትልኝ» ሲል ማን ይከፍታል? እኛ እንከፍታለን። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ከኩባንያው ማስተካከያ እንዳይቀበል አፕዴቱ ይዘጋል፤ ክራኩ እንዳይታወቅ ተብሎ። በግንቦት 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለው ዓለምን ያመሰው ቫይረስ የገባው እንዲህ ማስተካከያ ባልደረሳቸው ኮምፒውተሮች ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። አፕዴቱ የተዘጋበት ግን አልደረሰውም።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ተሸክመው መጡ። ስከፍተው የደመወዝ ፔሮሉ፣ የንብረት ቆጠራው፣ የሠራተኞች ፎቶ ሳይቀር ስሙ ጭራ ላይ ትርጉም የሌለው አራት ፊደል ተቀጥሎበታል። አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። 980 ዶላር ክፈሉ ይላል። በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን በግማሽ፣ 490 ዶላር። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ነው። ይሄኛው በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በአብዛኛው በክራክና በአክቲቬተር ውስጥ ተደብቆ ነው።

ገንዘብ ያዧ አብረው መጥተው ነበር። «ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አልነካሁም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም አልነኩም። ከጎረቤት ቢሮ የተጠራ ልጅ ነው ያ ግራጫ ጽሑፍ ይጥፋላቸው ብሎ ፍላሹን የሰካው። «ባክአፕ አለዎት እትዬ?» አልኳቸው። ነበር፤ ፍላሽ ላይ። ፍላሹ ደግሞ ሌሊቱን እዚያው እንደተሰካ አድሯል። አብሮ ሄዷል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ሆም የሚባለው መደበኛው የዊንዶውስ 11 ዓይነት ዋጋ አሜሪካ ላይ 139 ዶላር ነው። 980 ዶላር ሰባት ፈቃድ ይገዛል ማለት ነው። ያውም ለሁለት ሳምንት የተስተጓጎለውን ሥራ፣ ፔሮሉን በእጅ ከወረቀት እንደገና የጻፉበትን ማታ ማታ ሳንቆጥር።

ማይክሮሶፍትን ጻድቅ ላደርግላችሁ አይደለም። ዋጋው ለእኛ ኪስ የተተመነ አይደለም። 139 ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት በባንክ ምንዛሪ 8 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ልክፈል ያለ ሰውም በዶላር ካርድ ነው የሚጠየቀው፤ ያ ካርድ በስንቶቻችን እጅ አለ?

ኩባንያውም ቢሆን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቢል ጌትስ በ1976 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። አብዛኞቻችሁ ሶፍትዌራችሁን ትሰርቃላችሁ ብሎ ወቅሷቸዋል፤ ያኔ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ግን ስለ ቻይና ሲጠየቅ፣ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ ይሻላል፤ ይለምዱታል፣ ወደፊት ማስከፈያ መንገድ እናገኛለን የሚል ሐሳብ ተናገረ። ስለዚህ ክራክ ስናደርግ ኩባንያውን የጎዳን የሚመስለን እንዳንሞኝ። ልማዱን ነው የያዝንለት።

አሠራሩም ከፋዩን ይበድላል። በነሐሴ 2007 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍት ማረጋገጫ ሰርቨር ተበላሽቶ ለ19 ሰዓት ያህል ሕጋዊ ኤክስፒና ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ያላቸውን ደንበኞች የሐሰት ናችሁ ሲል ዋለ። ቪስታ የነበራቸው አንዳንድ ነገር ተዘጋባቸው። ከፍለው።

እዚህ አገር ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ስንት ኮምፒውተር እንደተዘረፈ እናንተው ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ገጣጥመን፣ የእርዳታውን አሮጌ ፈታተን ነው ቢሮ ያስነሳነው። ከሦስት የሞተ ዴስክቶፕ አንድ የሚሠራ ይወጣል። መብራቱም ሄድ መጣ ሲል ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ያቃጥላል። ችግሩ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚሸጠው ፈቃድ የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው። ማዘርቦርዱ ተቀየረ ማለት ለዊንዶውሱ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ያንን በኢንተርኔት ላስተካክል ስትሉ ኢንተርኔት መኖር አለበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት እንዴት እንደነበር አልነግራችሁም። አክቲቬሽን የተሠራው መብራቱም ኔትወርኩም ለማይጠፋበት ሰው ነው። ይህን ለኩባንያው ብጽፍ ማን ያነብልኛል? ለዚያ ነው ለእናንተ የጻፍኩት።

በእናንተ እጅ ያለው ምንድን ነው? በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም።

ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማለትም ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የሚወጡ የታወቁ ስም ያላቸው ላፕቶፖች ቁልፉን ማዘርቦርዳቸው ላይ ይዘው ነው የሚመጡት። ዋጋው ላፕቶፑ ውስጥ ተከፍሏል። ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ እንደገና ብትጭኑ ቁልፍ ሳይጠይቅ ራሱ ያነበዋል። ኢንተርኔት ሲያገኝ አክቲቬት ይሆናል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ሕጋዊውን ሆም እናጠፋና ፕሮ የሚባለው ዓይነት «ይሻላል» ብለን ክራክ የተደረገ ፕሮ እንጭናለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ሆም ላይ የሌለው ነገር ኮምፒውተሮችን ከአንድ ማዕከል በዶሜይን ማስተዳደርንና ከሩቅ ገብቶ መሥራትን የመሰለ ነው። ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ኤክሴል የሚሠራበት ኮምፒውተር ይህን ምን ያደርግለታል? ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡትም ብዙዎቹ ቁልፋቸው ውስጣቸው አለ። ስለዚህ ላፕቶፕ ስትረከቡ «ፎርማት አድርገህ ፕሮ ጫንልን» አትበሉ። እንዳለ ተዉት።

ሁለተኛው የዝርዝሩ ነገር ነው። እንዲህ የምትል መስመር ጨምሩ፦ «ዊንዶውሱ ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣ፣ ፈቃዱ በርክክብ ጊዜ የሚረጋገጥ፤ ካልሆነ ሊኑክስ የተጫነበት።» በቃ። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነው፤ ቀጥሎ እመለስበታለሁ። ያኔ ሁሉም ተጫራች የሚወዳደረው በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ይሆናል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፤ አልዋሻችሁም። ግን ከፋብሪካ ጋር የሚመጣው ፈቃድ ለብቻው ከሚገዛው በጣም ይረክሳል። ለኦዲተርም መልስ ይኖራችኋል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር አብሮ ይጠብቃል። ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ክራክ በተደረገ ኮምፒውተር ደብዳቤ ሲጽፍ ትንሽ ያስቃል።

የውጭውን ኩባንያ እንኳ እንተወው። የራሳችን ሰዎች የሠሩት የአማርኛ መጻፊያ፣ ፓወር ግዕዝ አለ። ይህን ደብዳቤ ከምታነቡት ስንቶቻችሁ ከፍላችሁበታል? ከፍላሽ ፍላሽ ነው የዞረው። አገር ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራ ጠፋ ብለን ስናማርር ይህቺንም እናስታውሳት።

ሦስተኛው ሊኑክስ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ወጣት ሊኑክስ ሁሉን ይፈታል ብሎ ይመጣና ቢሮውን አደናብሮት ይሄዳል። ሊኑክስ አክቲቬሽን የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ በነፃ ነው። ዑቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ሚንት የሚባለው ደግሞ መልኩ ለዊንዶውስ ለመደ ሰው ይቀርባል። በኦፊስ ፋንታ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፤ አንዳንዴ ሠንጠረዡ ትንሽ ቢዛባም። አማርኛም ይጻፍበታል።

የማይሆንበት ቦታ አለ። ሒሳብ ክፍል ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ካለ አትንኩት። የምሕንድስና ክፍል የንድፍ መሥሪያው አውቶካድ ካለ አትንኩት። ለእነዚያ ሕጋዊ ዊንዶውስ ግዙ። ሌላው ራስ ምታት የድሮ ደብዳቤ ነው። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈው ፋይል ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ይሆናል። ይህ ግን የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፤ አዲስ ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፋይሉን ወደዚያ መለወጥ አንድ ቀን መደረጉ አይቀርም።

ለሊኑክስ የሚሆኑት የትምህርት ቤት ላብ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መዝገብ ቤትና ጸሐፊዎች ናቸው። በተለይ አሮጌዎቹ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰራቸው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች የሆኑትን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም። በየቢሮው ያለው 4ኛና 6ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ሁሉ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። እሱንም በጎን በር የሚያስገባ ብልሃት አለ፤ እኛ ጋ ይሠራል። ግን ኩባንያው አልፈቀድኩም ባለው ኮምፒውተር ላይ ነገ አፕዴቱ ቢቋረጥ ማንን ትከሳላችሁ? ያንን ኮምፒውተር ሚንት ጭኖ ለተማሪ መስጠት ይሻላል። እስከ ዛሬ ኤስኤስዲና 8 ጂቢ ራም ገብቶለት ያሳፈረኝ የለም።

ስለ እኛ ጥገና ቤቶችም አንድ ነገር። ክራክ የምናደርገው የምትከፍሉን ለዚያ ስለሆነ ነው። «ጫንልኝ» ትላላችሁ፣ ዋጋው የታወቀ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ሊኑክስ ጭኖ፣ ፕሪንተሩን አስማምቶ፣ ጸሐፊዋን ግማሽ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማስለመድ ሌላ ሥራ ነው። የእጅ ዋጋውን በዝርዝራችሁ ውስጥ «ሥልጠና» ብላችሁ አስገቡት። ከከተማው ብዙ ልጅ ይሠራዋል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚመረቁት የኮምፒውተር ተማሪዎች ሥራ ፍለጋ ፒያሳ ሲዞሩ የማናያቸው መስሏችሁ ነው?

ለመሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ክፍት ነው። ከስቶር አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ይዛችሁ ኑ፣ ያለ ክፍያ እጭንላችኋለሁ። አንድ ወር ተጠቀሙበትና ካልወደዳችሁት እመልሰዋለሁ። መውጫ ወረቀቱን አትርሱ፤ ባለፈው ጥበቃው በር ላይ አስቁሞን ግማሽ ቀን ጠፍቷል። ፒችትሪ ያለበትን ግን እንዳታመጡ።

ከአክብሮት ጋር
ከደሴ፣ ፒያሳ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ